ለቻይንኛ መዝገበ ቃላት የሚሆን ስልክ መምረጥ፦ ከደብረ ብርሃን የጥገና ክፍል የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ መነሻ

የምንጠግናቸው ማሽኖች አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። የኮንትሮል ፓነሎቻቸው ጽሑፍ፣ የስህተት መልእክቶቻቸውና ብረቱ ላይ የተለጠፉት መግለጫዎች በቻይንኛ ብቻ የተጻፉ ናቸው። ቀን ቀን ቻይናውያኑ ቴክኒሻኖች ስላሉ ችግሩ አይጎላም፤ በሌሊት ፈረቃ ግን አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ምን እንደምትል ለማወቅ ማሽኑን አቁሞ እስኪነጋ መጠበቅ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተን፣ ለመዝገበ ቃላት ብቻ የሚያገለግልና ከፈረቃ ወደ ፈረቃ የሚተላለፍ አንድ ስልክ ለመግዛት ተስማማን። የተዋጣው 14,000 ብር ሲሆን፣ ምርጫው ለእኔ ተሰጠ።

መተግበሪያው አስቀድሞ ተወስኗል። ፕሌኮ የተባለውን መርጠናል፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት ሳይኖር ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ፊደልን በጣት ጽፎ መፈለግ ያስችላል፣ በተጨማሪ ክፍያ ደግሞ በካሜራ ያነብባል። የማሽኑ አዳራሽ ጣሪያና ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ ኔትወርክ እንደልብ አይገኝበትም፤ ስለዚህ ኢንተርኔት የሚጠይቅ አማራጭ ሁሉ ከጅምሩ ወደቀ። መተግበሪያው ከያዛቸው መዛግብት አንዱ ሲሲ ሴዲክት የሚባለው፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ክፍት የቻይንኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከ120,000 በላይ ቃላት አሉት። ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው፤ ለእኛ ክፍል ይህ እንቅፋት አይሆንም፤ የቴክኒክ ትምህርታችንን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነውና።

ጥቅምት፣ መተግበሪያው በእርግጥ ምን ይፈልጋል?

ስልክ ቤቶች ሁሉ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ራሙ ስንት ይሁንልህ?» ይህ ለቪዲዮና ለጨዋታ የሚጠቅም ጥያቄ ነው። መዝገበ ቃላት ግን በጽሑፍ ዳታ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም ስለሆነ ከፕሮሰሰሩም ከራሙም የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ፕሌኮ ራሱ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለፓልም የእጅ ኮምፒውተሮች የተሠራ ነበር፤ የዚያን ጊዜዎቹ ፓልሞች ስክሪናቸው 160 በ160 ነጥብ (ፒክስል)፣ ሜሞሪያቸውም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነበር። የዛሬው ደካማ የሚባል ስልክ ከእነርሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሲሲ ሴዲክት ሙሉው ሲጨመቅ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በድምፅ የተቀረጹ ቃላትና ተጨማሪ መዛግብት ሲታከሉበት ይጨምራል፤ ቢሆንም 32 ጊጋባይት ማከማቻ ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ 64 ደግሞ ይተርፋል።

በአንዳንድ ካርቶኖች ላይ በትልቁ ስለሚጻፈው «8 ጊጋ ራም» አንድ ነገር ማስፈር ያስፈልጋል። በትንሹ ሲነበብ «4+4» ይላል፤ እውነተኛው ራም 4 ጊጋባይት ሲሆን የተቀረው ከማከማቻው ተቆርሶ እንደ ራም እንዲያገለግል የተመደበ ቦታ ነው። ማከማቻ ከራም በእጅጉ ስለሚዘገም ሁለቱን ደምሮ ዋጋ መክፈል ተገቢ አይደለም።

ፊደልን በተመለከተም የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም። ጉግልና አዶቢ በ2014 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት ኖቶ ሳንስ የተባለው የምሥራቅ እስያ ፎንት በዛሬዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ አለ። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የቻይና መሠረታዊ የኮምፒውተር ፊደላት ዝርዝር 6,763 ፊደላት ሲይዝ፣ በማሽኖቻችን ላይ ያየሁት ሁሉ በዚያ ውስጥ ይካተታል። ባዶ ሳጥን የሚያሳይ ስልክ አላጋጠመኝም።

የሚቀረው እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፊደሉ ከማሽኑ ወደ ስልኩ በምን ይገባል? ከገባ በኋላስ በግልጽ ይነበባል? ይህ በካሜራው የማተኮር ችሎታ፣ በስክሪኑ የንክኪ ትክክለኛነትና በስክሪኑ የነጥብ ጥግግት ይወሰናል። ሦስቱንም ማንም ሻጭ በራሱ ተነሳሽነት አልነገረኝም።

ኅዳር፣ የስክሪኑ ሒሳብ

ለአማርኛ ጽሑፍ በቂ የሆነ ስክሪን ለቻይንኛ ላይበቃ ይችላል። ለዚህ አብነት የወሰድኩት በፓነሎቻችን ላይ በብዛት የሚታየውን «መጠን» የሚል ትርጉም ያለው ፊደል ነው፤ በፍሰት መጠን፣ በክብደትና በብዛት መለኪያዎች ሁሉ ላይ ይገኛል። ፊደሉ ከላይ እስከ ታች ዘጠኝ አግድም መስመሮች አሉት። ዘጠኝ መስመር እንዲለያይ በመካከሉ ስምንት ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከ17 ነጥብ ባነሰ ቁመት ሁሉንም መስመሮች ለያይቶ ማሳየት በፍጹም አይቻልም። በድሮው የቻይና ኮምፒውተሮች በ16 በ16 ነጥብ ሲጻፍ አንዳንድ መስመሮች ሆን ተብለው ይቀነሱ የነበረውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስልኮቹ እንመለስ። በበጀታችን አዲስ ሆነው የሚገኙት ስልኮች አብዛኞቹ ስክሪናቸው ከጥግ እስከ ጥግ 6.6 ወይም 6.7 ኢንች ሆኖ የነጥብ ብዛታቸው 720 በ1600 ነው። ይህ በ6.7 ኢንች ላይ ሲሰላ በአንድ ኢንች 262 ነጥብ፣ በአንድ ሚሊሜትር ደግሞ 10 ገደማ ይሆናል። በመዝገበ ቃላቱ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለው ፊደል ሁለት ሚሊሜትር ቁመት ቢኖረው 21 ነጥብ ብቻ ያገኛል ማለት ነው፤ ከዚህም ላይ ፎንቱ ከላይና ከታች የሚተወው ባዶ ቦታ አለ። ዘጠኙ መስመሮች ይታያሉ፣ ነገር ግን ይደበዝዛሉ፤ አንዱ ወፍሮ ሌላው ሳስቶ ይወጣል። ያገለገሉት ፉል ኤችዲ ስልኮች ግን 1080 በ2340 ነጥብ በ6.3 ኢንች ላይ ሲይዙ በአንድ ኢንች 409 ነጥብ ይደርሳሉ፤ ያው ሁለት ሚሊሜትር ፊደል 32 ነጥብ ያገኛል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም «ማስጠንቀቂያ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ባለ 19 ጭረት ፊደል በሁለቱም ላይ ጎን ለጎን ያየ ሰው አይከራከርበትም።

እርግጥ ጽሑፉን በማጉላት ከዚህ ችግር በከፊል መውጣት ይቻላል። በትልቁ ስክሪን ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ነገር ግን ፊደሉ ሲጎላ በአንድ ገጽ የሚታየው ትርጉም ይቀንስና በዘይት በተነከረ ጣት ደጋግሞ ወደ ታች መግፋት ይመጣል። ስለዚህ «ስክሪኑ ይስፋ» የሚለውን የባልደረቦቼን ሐሳብ ትቼ «የስክሪኑ ነጥብ ይጠጋጋ» በሚለው ጸናሁ። ይህ ውሳኔ አዲስ ስልክ የመግዛቱን ሐሳብ በተግባር ዘጋው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የስልክ ዋጋ ስለጨመረ አዲስ ፉል ኤችዲ ስልክ በ14,000 ብር የሚሸጥልን አላገኘንም።

ኅዳር፣ ካሜራውን በገበያ ላይ መፈተሽ

ለሙከራ እንዲሆነኝ ከተቃጠለ አሮጌ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ላይ የመግለጫ ሳህኑን ፈትቼ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። ሳህኑ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ነው፤ ጽሑፉ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም፤ አንድ ጥጉም በሟሟ ፈሳሽ ደብዝዟል። ከዚህ የከፋ ጽሑፍ በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ነው። በየስልክ ቤቱ የማደርገው አንድ ዓይነት ነው፦ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስልኩን ከአሥር ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመያዝ ፎቶ አነሣለሁ፣ ከዚያም ፎቶውን አጉልቼ ጭረቶቹ መለያየታቸውን አያለሁ። አንዱ የስልክ ቤት ልጅ መጀመሪያ ላይ በጥርጣሬ ሲመለከተኝ ቆይቶ በኋላ «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ሰልፊ ነው የሚሞክረው፤ አንተ ቆርቆሮ ታነሣለህ?» ብሎኛል። ግን እርሱ ነው በስተመጨረሻ የረዳኝ።

ከዚህ ፍተሻ የተገኘው ውጤት የሜጋፒክስል ቁጥርን ከንቱ አደረገው። «50 ሜጋፒክስል» የሚባለው ካሜራ በተለመደው አሠራሩ አራት አራቱን ነጥብ በአንድ እያጣመረ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚሰጠው፤ ለአንድ ሳህን ጽሑፍ ደግሞ 8ም ቢሆን ይበቃል። የሚለየው አውቶፎከስ፣ ማለትም ሌንሱ እንደ ርቀቱ ራሱን የሚያስተካክልበት ችሎታ፣ መኖሩ ነው። በጣም ርካሽ ከሆኑት ስልኮች መካከል ሌንሳቸው የማይንቀሳቀስ አሉ፤ ከሜትር በላይ ያለውን ሰው ጥርት አድርገው ያነሣሉ፣ በአሥር ሳንቲሜትር ላይ ያለውን ሳህን ግን ምንም ቢደረግ አያጠሩትም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ካሜራው ተከፍቶ ቅርብ ያለ ነገር በጣት ሲነካ ምስሉ አንዴ ደብዘዝ ብሎ ተመልሶ ካልጠራ አውቶፎከስ የለም።

«ማክሮ» እየተባለ በጀርባ የሚጨመረው ተጨማሪ ካሜራም ለዚህ ሥራ አይረባም። በርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ነው፤ በጣም ስለሚያስጠጋም የስልኩ ጥላ ሳህኑ ላይ ያርፋል። ዋናውን ካሜራ ትንሽ አርቆ በሁለት እጥፍ ማጉላት የተሻለ ውጤት ሰጥቶኛል።

የብርሃኑ ነገር ለብቻው መጠቀስ አለበት። በአልሙኒየም ሳህን ላይ ፍላሽ ማብራት መሐሉን ነጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ፍላሹን አጥፍቶ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ዝቅ ካለ ማዕዘን ማብራት የተቀረጸውን ጽሑፍ ጥላ እንዲሰጠው ያደርጋል፤ የደበዘዘው ጥግ እንኳ በዚህ ተነብቧል። የኮንትሮል ፓነል ስክሪን ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የራሱ ብርሃን ስለሚርገበገብ በቀጥታ በሚያነብበው ካሜራ ላይ ጥቁር መስመሮች ያልፋሉ። መስመር ያላረፈበት አንድ ፎቶ አንሥቶ መተግበሪያው የቆመውን ፎቶ እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል።

ካሜራው ምንም ቢጠራ ሳህኑን መጥረግ መቅደም አለበት። «ትልቅ» እና «እጅግ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት ፊደላት የሚለያዩት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ የዘይት ጠብታ ያንን ነጥብ ትሠራለች።

ኅዳር መጨረሻ፣ ንክኪና በጣት መጻፍ

ካሜራ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ከሞተር ጀርባ የተለጠፈውን በመስታወት አይቶ በጣት መጻፍ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ስክሪኑ የጣትን መንገድ ሳያዛባ መከተል አለበት። ይህንን ለመፈተሽ በሁሉም አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለ፣ ግን የተደበቀ መሣሪያ አለ። በአብዛኞቹ ስልኮች መግለጫ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለው ሰባት ጊዜ ሲነካ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ፤ በዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለው ሲበራ ጣት የሄደበት መንገድ በስክሪኑ ላይ ይሰመራል። ማስመሪያ አስደግፌ ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ሰያፍ መስመር እሳላለሁ። ደህናው ስክሪን ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፤ ደካማው እንደ ደረጃ የተሰባበረ ያሳያል። በአንድ ያገለገለ ስልክ ላይ መስመሩ በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሲቋረጥ ታይቶኛል፤ ስክሪኑ ተቀይሮ የነበረ መሆኑን ሻጩ በኋላ አመነ። በሬድሚ ስልኮች ላይ ደግሞ *#*#6484#*#* ሲደወል የፋብሪካው የመሞከሪያ ዝርዝር ይከፈታል፤ ንክኪን፣ ድምፅ ማጉያንና ካሜራን አንድ በአንድ ያስፈትሻል። በሳምሰንግ *#0*# ነው።

ብዕር ያለውን ጋላክሲ ኖት 9 ለማየት ሞክሬአለሁ። ብዕሩ ለቻይንኛ ጽሕፈት የተፈጠረ ያህል ይስማማል፤ ስክሪኑም 1440 በ2960 ነጥብ ነው። ነገር ግን የ2018 እ.ኤ.አ. ስልክ ሆኖ ሳለ የተጠየቀው 21,000 ብር ነው፤ ከአቅማችን በላይ ከመሆኑም በላይ ብዕሩ በማሽን አዳራሽ ውስጥ በጠፋ በማግስቱ ተራ ስልክ ይሆናል። ተውኩት። በ200 ብር የሚሸጠውን ባለ ጎማ ጫፍ ብዕር በተመለከተ ደግሞ ጎማው ከጣት የማይሻል ወፍራም ስለሆነ ጥቅም አላየሁበትም።

መተግበሪያው መጥፎ የእጅ ጽሑፍን ይታገሣል፤ የጭረቶቹ ቅደም ተከተል ሲዘበራረቅ ግን መሳሳቱ ይበዛል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳጥን ሲሆን ውስጡን ጽፎ የታችኛውን መስመር በመጨረሻ መዝጋት የሚሉት ደንቦች በሌሊት ፈረቃ መዝገቡ ሽፋን ላይ ተጽፈው ተለጥፈዋል። ይህ ለስልኩ አንድ ሺህ ብር ከመጨመር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ፣ ለኮሪያ ገበያ የተሠራው ስልክ

በ10,500 ብር የቀረበልን አንድ ያገለገለ ስልክ ስክሪኑም ካሜራውም ፈተናውን አልፎ ነበር። ለኮሪያ ገበያ የተሠራ ስለሆነ የካሜራው የማንሻ ድምፅ ፈጽሞ አይጠፋም፤ በኮሪያ የተለመደ ደንብ ነውና ስህተት አይደለም። በማሽን ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማዋል ብዬ አለፍኩት።

ሌላው ነገር ግን ብዙ አለፋኝ። «ቅባት ዘይት» በሚለው የቻይንኛ ቃል ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ «አጥንት» የሚለውን ክፍል ይዟል። በዚህ ክፍል አናት ላይ ያለችው ትንሽ ማዕዘን በቻይና አጻጻፍ ወደ ግራ ትዞራለች፤ በኮሪያና በጃፓን አጻጻፍ ግን ወደ ቀኝ። ከፓነሉ ጋር ሳመሳክር ስልኩ የሚያሳየው ወደ ቀኝ የዞረውን ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መተግበሪያውን ነበር፤ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ለውጥ የለም። ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ደንብ) በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ የሚጻፉትን ተመሳሳይ ፊደላት በአንድ ቁጥር ስለሚመዘግባቸው በየትኛው አገር መልክ እንደሚሣሉ የሚወስነው ፎንቱና የስልኩ የቋንቋ ዝርዝር ነው። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ስልክ በቅደም ተከተል ብዙ ቋንቋ ይይዛል፤ በዚህ ስልክ ላይ እንግሊዝኛ አንደኛ፣ ኮሪያኛ ሁለተኛ ነበሩ። ኮሪያኛውን አውጥቼ አማርኛን አንደኛ፣ የተቃለለውን ቻይንኛ ሁለተኛ ሳደርግ ማዕዘኗ ወደ ግራ ዞረች።

ችግሩ ቢፈታም ስልኩን አልገዛነውም፤ ባለቤቱ በመጨረሻው ሰዓት ዋጋ ጨመረ። የቋንቋ ዝርዝሩን ማስተካከል ግን ማንኛውም ያገለገለ ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚደረግ ሥራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ታኅሣሥ፣ የቻይና ሥሪት ወይስ ዓለም አቀፍ?

ቀጥሎ ሁለት ሬድሚ ኖት 8 ስልኮች ተገኙ፤ አንዱ በቀጥታ ከቻይና የመጣ፣ ሌላው ዓለም አቀፍ ሥሪት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል ሲሆን 6.3 ኢንች፣ 1080 በ2340፣ ዋና ካሜራው አውቶፎከስ ያለው 48 ሜጋፒክስል፣ ባትሪው 4,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ሁለቱም ሳህኑን ከነደበዘዘው ጥግ አነበቡ። የቻይናው በ1,300 ብር ይረክሳል።

የቻይናው ሥሪት ከሲስተም ቋንቋዎቹ መካከል አማርኛ የለውም፤ ጉግል ፕሌይም አብሮት አልመጣም። መተግበሪያውን ከአዘጋጁ ድረ ገጽ በፋይል አውርዶ መጫን ስለሚቻል ይህ ብቻውን አያስጥለውም። ነገር ግን ስልኩን የሚይዙት ብዙ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የስልክ ሜኑ በአማርኛ ካልሆነ ይቸገራሉ። ለጋራ ዕቃ ይህ ከ1,300 ብር ይበልጣል ብለን ዓለም አቀፉን ያዝን። ስልኩ አንድሮይድ 11 ላይ የቆመ በመሆኑ ወደፊት አዳዲስ የመተግበሪያ ሥሪቶች የማይቀበሉት ቀን ይመጣል፤ ከኢንተርኔት ውጭ ለሚሠራ መዝገበ ቃላት ግን ያለው ሥሪት እንዳለ ማገልገሉን ይቀጥላል።

በካሜራ የሚያነብበው ክፍል ክፍያው በዶላር ነው፤ በእጃችን ያሉት የባንክ ካርዶች ለዚህ አይሠሩም። ከውጭ አገር በተላከልን የጉግል ፕሌይ ኮድ ለመክፈል የተደረገው ሙከራ አልሰመረም፤ ኮዱ የሚሠራው በተሸጠበት አገር ለተከፈተ አካውንት ነው። አዘጋጁ በራሱ ድረ ገጽም ስለሚሸጥ ውጭ የምትኖር የአንድ ባልደረባችን እህት በዚያ በኩል ከፍላ የምዝገባውን መረጃ ላከችልን። ያወጣችውን ከተዋጣው ገንዘብ ላይ እንድትቀበል ብንጠይቃትም አልፈለገችም።

ጥር 2017፣ ብርድና ባትሪ

ስልኩ 9,800 ብር ተገዝቶ ሥራ ጀመረ። በቀን ፈረቃ ምንም እንከን አልታየበትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋው ወራት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውጭው ውርጭ ነው፤ አዳራሹም ከውጭ ብዙ አይሻልም። በዚህ ሰዓት ስልኩ 35 በመቶ እያሳየ በድንገት ይጠፋል፤ ክፍል ውስጥ ሞቅ ሲል ተመልሶ ይነሣና ያንኑ 35 በመቶ ያሳያል።

ይህ የሊትየም ባትሪ ጠባይ ነው። ሲቀዘቅዝ የውስጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንስ) ይጨምራል፤ ካሜራውና ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠይቁ ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። አዲስ ባትሪ ይህን ይችለዋል፤ በዕድሜ ተቃውሞው ቀድሞውኑ የጨመረው አሮጌው ግን አይችልም። መጀመሪያ የተሞከረው ስልኩን በካፖርት የውስጥ ኪስ ማቆየት ነበር፤ ይረዳል፣ ግን ያዡ ሰው ከማሽን ሥር ሲገባ ማውለቁ አይቀርም። ባትሪው ከነጉልበት ዋጋው በ1,700 ብር ተቀየረ። ስልኩ ከዚያ ወዲህ በሌሊት አልጠፋም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች በሚሆንበት ሰዓት ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ስለሚጎዳ ቻርጀሩ ከአዳራሹ ወጥቶ በጥገና ክፍሉ ቢሮ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ሸዋ ሮቢት ላለው ባልደረባችን ይህ ሁሉ ክፍል አይመለከተውም፤ እዚያ የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው።

የስክሪን መከላከያውም ተቀይሯል። አብሮ የመጣው ወፍራም መስታወት በጠርዙ በኩል ንክኪ ያደነዝዝ ስለነበር በ250 ብር በስስ ተተካ፤ በፖይንተር ሎኬሽን ሲፈተሽ መስመሩ እስከ ጠርዝ ይደርሳል። ጓንት አድርጎ መጻፍ ግን አሁንም አይሆንም፤ በካሜራ ማንበብ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአንገት የሚንጠለጠል ከቨር 400 ብር ፈጅቷል። ጠቅላላ ወጪው 12,150 ብር ሲሆን 1,850 ብር ተርፏል።

የካቲት፣ አሁን ያለበት ሁኔታ

በሥራ ላይ የምንከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አስቀድሞ በካሜራ፣ ካልሆነ በጣት ጽፎ፣ ሁለቱም ሲያቅቱ ፊደሉን በመሠረታዊ ክፍሉ መፈለግ። ባህላዊው የቻይና መዝገበ ቃላት አሠራር ፊደላትን በ214 ክፍሎች ሥር ይመድባል፤ «ውኃ»፣ «ብረት»፣ «እሳት» የሚሉትን ጥቂት ክፍሎች ያወቀ ሠራተኛ ለማሽን ቃላት ሩቅ ይሄዳል። የተገኘው ቃል ሁሉ ከማሽኑ ስምና ከፓነሉ ፎቶ ጋር በኤክሴል ሠንጠረዥ ይመዘገባል፤ የአማርኛውን ትርጉም በዚያ የምናሰፍረው እኛ ነን። አንድ የስህተት መልእክት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ስልኩን ማውጣት አያስፈልግም።

ሙሉ ዓረፍተ ነገር በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የማንዋል አንቀጽ ሲነበብ፣ የትርጉም መተግበሪያ ይፈጥናል። በሦስትና በአራት ፊደል የሚያልቁ የፓነል ጽሑፎች ላይ ግን ዐውደ ንባብ ስለሌለ አንዱን ትርጉም መርጦ ሌሎቹን ይደብቃል፤ መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም ዘርዝሮ ምርጫውን ማሽኑን ለሚያውቀው ሰው ይተዋል። ለእኛ የሚሻለን ይህ ነው።

ያልተሟላው የድምፁ ጉዳይ ነው። የአንዳንድ ቃላትን አነጋገር ከስልኩ ሰምተን ለቻይናውያኑ ባልደረቦች መጥራት ብንችል ቀን ላይ ይጠቅመን ነበር። ቻይንኛ በአራት ቃናዎች ስለሚለያይ በአዳራሹ ጩኸት ውስጥ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ ቃናውን መለየት አልተቻለም። ሬድሚው 3.5 ሚሊሜትር የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስላለው ከተረፈው ገንዘብ ባለ ገመድ ማዳመጫ ይገዛል፤ የቻይንኛ ንባብ ድምፅ ዳታው ደግሞ ኢንተርኔት ባለበት ቀድሞ መውረድ ስለሚኖርበት በሚቀጥለው የቀን ፈረቃ ከቢሮው ይወርዳል።